የአባዬ ወደቦች ሲነጡ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ሆደ ባሻ ሰው አይደለሁም። ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ሲኤምሲ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ "ቲቸር ራሔል ጋ የውሸት ሆድ ቁርጠት አይሠራም" ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አይሠራም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ላይ በአንድ ኮራል ምክንያት ሳሎን መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስነፋረቅ ስለምታገኙኝ ነው። ክብሬን ከወዲሁ ላስጠብቅ ብዬ ነው።

የምኖረው ጎሮ፣ ከእናትና ከአባቴ ጋር ነው። "አታገቢም ወይ?" የምትሉ ካላችሁ ጥያቄውን ለእናቴ አቅርቡላት፤ እሷ በዚህ ጉዳይ ላይ ለመወያየት ሁሌም ዝግጁ ናት።

አባዬ በወጣትነቱ የንግድ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበር። መርከቡን ትቶ አዲስ አበባ ከገባ ዘመን አስቆጥሯል፤ ባሕሩ ግን ከሆዱ አልወጣም። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያደልባል፣ ዕድር ይመራል፤ የእኔ አባት ሳሎናችን ውስጥ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቶ፣ ኮራል ማሳደግ ጀመረ። ኮራል ለማታውቁ፣ ሲያዩት ወይ ድንጋይ ወይ አበባ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ሲከፋው ይኮማተራል። ዘመዶቻችን መጀመሪያ ሲያዩት "ዓሣው የታለ?" ነበር የሚሉት። ዓሣ የለውም። "ታዲያ ይሄ ሁሉ መብራት ለማን ነው?" ሲሉት አባዬ ዝም ብሎ ይስቃል።

ለእያንዳንዷ ኮራል ስም አወጣላት፤ ስሞቹ በወጣትነቱ ያያቸው ወደቦች ናቸው። አረንጓዴዋ ኤደን ናት። ቡናማዋ፣ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋችው፣ ሞምባሳ። ጅዳ ሐምራዊ ነበረች። የሁሉም እመቤት ግን ቦምቤይ ናት፤ ሮዝ፣ ቅርንጫፏ የአጋዘን ቀንድ የሚመስል፣ ከሁሉም ቆንጆ፣ ከሁሉም ደግሞ ቀበጥ።

ከዚያ አባዬን ስትሮክ መታው።

ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ አንደበቱም ተያዘ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉልን፤ ቃላቱ ግን አብረውት ከሆስፒታል አልወጡም። ውሃ ማለት አቃተው፣ እንጀራ ማለት አቃተው፣ ስሜም ጠፋበት። አንድ ቀን ዊልቸሩን ገንዳው ፊት አቁሜ አቧራ ስጠርግ ከኋላዬ "ቦምቤይ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል በግራ እጁ እየጠቆመ ነው። "ቦምቤይ። ኤደን። ሞምባሳ። ጅዳ።" የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ባለሙያ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። "በእነዚህ ጀምሩ፤ የሚወደውን ይዛችሁ ነው ሌላውን የምትስቡት" አለችን። እኛም ምክሯን ያዝን። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ እጠቁማለሁ፣ እሱ ይጠራል። ከወደቦቹ ተነስተን "ባሕር"፣ "መርከብ"፣ "ጨው"፣ "ውሃ" ድረስ መጣን።

ታዲያ ከአንድ ረጅም የመብራት መጥፋት በኋላ ጅዳ ታመመች፣ ነጣች፣ አለቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ "ጅዳ" ብሎ አያውቅም። ባዶ ቦታዋን ስጠቁመው ፊቱን ያዞራል። ያኔ ነው የፈራሁት። እነዚህ ኮራሎች አንድ በአንድ ቢያልቁ የአባዬንም ቃላት አንድ በአንድ ይዘው ሊሄዱ ነው።

ጉዱ የጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሻዬን ይዤ ሳሎን ስገባ የቦምቤይ ጫፎች ነጥተዋል። እያንዳንዱ የቅርንጫፏ ጫፍ ዱቄት ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ኤደንም ኩምትር ብላለች። አባዬ ጋቢውን ደርቦ ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝና "ቦምቤይ" አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

"አይቻለሁ አባዬ። አሁን እናያታለን" አልኩት።

እማዬ በዚያው ቅጽበት ከደጅ ገባች። በየማለዳው ከኮተቤ በላይ ካለው ጠበል ለአባዬ የሚጠጣ ይዛለት ትመጣለች፣ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሙሉ። አጠገቡ ታስቀምጥለትና "በባዶ ሆድህ ጨርሰው፤ ቁርስህን ልሥራልህ" ብላ ጓሮ ወዳለው ኩሽና ትሄዳለች። ስትመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። "ጎሽ የኔ ጌታ!" ትለዋለች። የዚያን ቀንም እንዲሁ አስቀመጠችለትና የነጣችውን ቦምቤይን አይታ አማተበች። "ይቺም ታመመች? ቤታችንን ምን ገባበት?"

እኔ መለኪያዬን አወጣሁ። አልካሊኒቲ የሚባል ነገር አለ፤ ተማሪዎቼን የማስለቅስበት ስለሆነ ለእናንተ ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ውሃው ውስጥ ከሟሟ ካርቦኔት ነው። አልካሊኒቲ የዚያን መጠን ይነግረናል። ውሃውን ትንሽ ቀድተን ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረግን፣ ሰማያዊው ወደ ቢጫ እስኪቀየር ጠብታውን እንቆጥራለን። ሐሙስ ዕለት ስምንት ነበር። ቅዳሜ አሥር ተኩል ሆነ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምኩት። አልተሳሳትኩም።

ቦሌ የኮራል ሱቅ ያለው ናሆም የሚባል ሰው አለ፤ የአባዬ ወዳጅ ነው። ደወልኩለት።

"ናሆም፣ ቦምቤይ እየነጣች ነው።"

"ኖ ኖ ኖ! ፒንኳ?"

"አዎ። አልካሊኒቲው አሥር ተኩል ገብቷል።"

"ከስንት?"

"ከስምንት፤ በሁለት ቀን።"

"ቲቸር፣ አሁን ምንም እንዳትነኪ። ሲሪየስሊ። ከውሃው ቀድተሽ ነይ።"

በማርማላታ ጠርሙስ ቀድቼ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ከጎሮ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ በታክሲ ሄድኩ። ናሆም በራሱ መሣሪያ ለካውና ራሱን ነቀነቀ።

"የሚያወርድ ነገር ስጠኝ" አልኩት። "ዛሬውኑ ወደ ስምንት ልመልሰው።"

"እንዳታደርጊው!" አለ በሁለት እጁ እየከለከለኝ። "ስሚኝ ቲቸር። ኮራል ስምንትም ላይ ይኖራል፣ አሥርም ላይ ይኖራል። ዛሬ ስምንት፣ ነገ አሥር፣ ከነገ ወዲያ ዘጠኝ ስትይው ግን ያብዳል። ካርቦኔቱ ድንገት ሲበዛ አጥንቱ በጥድፊያ ያድጋል፣ ሥጋው አይደርስበትም፣ ጫፉ ራቁቱን ይቀራል። ይሄ ያየሽው ነጭ ነገር እሱ ነው። ቁጥሩ አይደለም የሚገድላት፤ መወዛወዙ ነው።"

"ታዲያ ቁጭ ብዬ ልያት?"

"ሌባሽን ፈልጊ። ሰው ሳሎን ውስጥ ካርቦኔት ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ወይ አንድ ነገር እየጨመረባችሁ ነው።"

በየተራ መረመርን። ጨው ቀይሬያለሁ? አልቀየርኩም። ሰሞኑን በፈረቃ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ስለቀረብን ቦቴ አስመጥተን ነበር፤ ግን ገንዳው ውስጥ የሚገባው ሁሉ በማጣሪያ ያልፋል፣ ማጣሪያውም ደህና ነው። "እንግዲያው ጠዋት ጠዋትና ከሰዓት ለኪ፤ የሚጨመርበትን ሰዓት እወቂ" ብሎ ሸኘኝ።

እሁድ ቀኑን ሙሉ ከገንዳው ፊት ንቅንቅ አላልኩም። እማዬ ጠበሉን አድርሳ ወደ ቅዳሴ ተመለሰች። እኔ ሶፋው ላይ፣ አባዬ ዊልቸሩ ላይ፣ ሁለታችንም ቦምቤይን እያየን ዋልን። ጠዋት ለካሁ፣ ከሰዓት ለካሁ፣ አመሻሽ ላይ ለካሁ። ምንም ጭማሪ የለም። እንዲያውም ትንሽ ወርዷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ነደደኝ። እኔ ስኖር የማይጨምር ከሆነ የሚጨምረው እኔ ሳልኖር ነው። እኔ ሳልኖር ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ማነው? አባዬ ካለ ሰው ርዳታ ከዊልቸሩ አይነሳም። የቀረችው አንድ ሰው ናት።

እማዬ ነጠላዋን አጥፋ ስትቀመጥ ጠብቄ ያዝኳት።

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የገንዳውን መስታወት በሶዳ አጽድተሻል?"

"በምን?"

"በሶዳ። ያ ዩቲዩብ ላይ ሶዳና ሎሚ ያሉሽ። ሶዳ እኮ ካርቦኔት ነው!"

"እኔ? የሱን ገንዳ? ነክቼው አላውቅም!"

"ታዲያ ማነው? ከአንቺ ሌላ ማን አለ እዚህ ቤት?"

እማዬ ቀስ ብላ ተነሳች። ቀስ ብላ ስትነሳ ፈሪ ይጠንቀቅ። "ስሚኝ ልጄ። ከዚህ ሰውዬ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ከመርከቡ ጋር አልተጣላሁም፤ ከድንጋዩ ጋር ልጣላ?" ብላኝ ወደ ኩሽና ገባች። ድስቶቹ ምን እንዳደረጓት አላውቅም፣ ሲንኳኩ አመሹ።

አባዬ አንዴ እኔን አንዴ በሩን ያያል። ከዚያ በግራ እጁ እጄን ያዘኝና "ውሃ" አለ።

ቀድቼ አመጣሁለት። ራሱን ነቀነቀ። "ውሃ" አለ እንደገና፣ ግንባሩ በላብ ረጥቧል፣ "ውሃ... ውሃ..." ብርጭቆውን ወደ አፉ ሳስጠጋለት ገፋውና ዓይኑን ጨፈነ። የደከመው መስሎኝ ጋቢውን ደራርቤለት ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ቁጥሩ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳስተማርኩ ተማሪዎቼን ጠይቁ፤ እኔ አላስታውስም። ከዚያ ርእሰ መምህሩን "የቤት ችግር" ብዬ አስፈቀድኩና በባጃጅ ወደ ጎሮ ከነፍኩ። ሌባዬን እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው ሐሳቤ። የግቢውን በር ድምፅ ሳላሰማ ከፈትኩ። እማዬ ጓሮ ኩሽና ውስጥ ሬዲዮ ከፍታለች። ጫማዬን አውልቄ ወደ ሳሎኑ በር ተጠጋሁ።

ዊልቸሩ ባዶ ነበር።

አባዬ ቆሟል። በራሱ እግር! ቀኝ ትከሻውን ገንዳው ላይ አስደግፎ፣ ደካማውን እግሩን ወደ ኋላ ትቶ፣ ቆሟል። ያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ለምኖት፣ እማዬ አልቅሳበት፣ እኔ ተቆጥቼው "አልችልም" በሚል ራሱን የነቀነቀው ሰውዬ ቆሟል። በግራ እጁ የጠበል ጠርሙስ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ቦምቤይ አናት ላይ ያንቆረቁራል። ዊልቸሩ መቀመጫ ላይ ጋቢው ውስጥ የተጠቀለለ ሌላ ሙሉ ጠርሙስ አየሁ። የእሁዱ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስለጠበቅኩት ደብቆት አድሯል።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እግሩን አየሁ።

ከጮህኩ ይደነግጣል፤ ከደነገጠ ይወድቃል። ሮጬ ልድረስ ብል መሀላችን ሶፋና ጠረጴዛ አለ። እሱ በዚያ ጎኑ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ነግሮናል። ዝም ካልኩ ደግሞ ቦምቤይ ላይ ገና ሌላ ሁለት ሊትር ሊወርድባት ነው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ጨረሰ። ጠርሙሱን አስቀመጠ። ገንዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ወደ ጎን ድክ ድክ አለ፣ ሁለተኛውን አነሳ፣ ክዳኑን በጥርሱ ከፈተ። እኔ ውስጤ እየጮኸ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ አየሁ። እየቀዳ አንድ ነገር ያጉተመትማል። እማዬ ጠበል ስትሰጠው የምትለውን ነው፤ ቃላቱ አልሞሉለትም እንጂ ዜማው እሱ ነው።

ዊልቸሩ ላይ ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ነው ትንፋሽ ያወጣሁት።

"አባዬ" አልኩ።

ዘወር ብሎ ሲያየኝ ሊሰርቅ ሲል የተያዘ ሰው ሆነ። መጀመሪያ የመጣልኝን ልንገራችሁ፤ አባዬ መዳን አይፈልግም ማለት ነው ብዬ ቀዘቀዝኩ። ተስፋ ቆርጧል፣ እኛ እንዳናይ እየደፋው ነው።

"ክኒንህንስ? ክኒኑንም ነው የምትጥለው?" አልኩት እየሮጥኩ አጠገቡ ተንበርክኬ።

ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ አይደለም። አፉን ከፍቶ ክኒን ሲውጥ አሳየኝ። ከዚያ ወደ ገንዳው ጠቆመ።

"ቦምቤይ" አለ። ቃል ፈለገ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። "ቦምቤይ... ታማለች።"

እንዲህ ያለ ሙሉ ነገር ከታመመ ወዲህ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

"አንተስ አባዬ? አንተስ አልታመምክም? ጠበሉ ላንተ አይደለም እንዴ?"

እጁን እንደ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወዛወዘና ፈገግ አለ። "እኔ... ግድ የለም።"

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልኝ። መብራት በጠፋ ሰሞን ጅዳ ስትታመም ይህን ይሞክርላታል፤ ለእሱ መድኃኒት ነው የተባለውን ውሃ። ሲብስባት ይጨምራል። ሲጨምር ይብስባታል። ጅዳ ስትሞት ዘገየሁ ብሎ፣ ቦምቤይ ገና ስትኮማተርበት ሙሉውን ጠርሙስ ይሰጣታል። ጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ጠበል ወስጄ ለካኋት። ጠብታ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፤ ሰማያዊው ቢጫ አልሆን አለኝ። ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ምንጭ ነው፤ ማዕድኑ ብዙ ነው። ለሰው ሆድ የተስማማው ለመቶ ሊትር ገንዳ መዓት ነው። እሁድ "ውሃ፣ ውሃ" ያለኝ ሊነግረኝ ነበር። ሊያስታርቀን ነበር። እኔ ብርጭቆ አመጣሁለት።

በዚህ መሀል እማዬ ቁርሱን ይዛ ገባች። "ምነው? አንቺ ከትምህርት ቤት ምን አመጣሽ? ምን ሆናችሁ?"

ምን ብዬ ልንገራት? በየማለዳው በዚያ ጉልበቷ ዳገት ወጥታ የምታመጣው ጠበል እሱ አፍ ሳይገባ እንደቀረ? ወይስ ኮራሉን እንደጎዳ? አባዬ ግን ባዶዎቹን ጠርሙሶች አነሳና ወደ ገንዳው ጠቆመላት።

እማዬ ጠርሙሶቹን አየች። ገንዳውን አየች። እሱን አየች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ለሷ ነው የሰጠሃት?"

ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ።

"ሁሉንም?"

አዎ።

ቁጣዋን ጠበቅኩ። እሷ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ቀረብ ስል እየሳቀች ነው። "ኧረ የኔ ጉድ! ክርስትና ያልተነሳ ድንጋይ አስጠመቀብኝ! እኔ ዳገት ለዳገት የምንፏቀቀው ለሷ ኖሯል?" አባዬም ሳቀ፤ ያ በግማሽ ፊቱ የሚስቀው ሳቅ። ከዚያ እሷ ሳቋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች።

"ጎዳት?"

"በዛባት እማዬ" አልኩ። "በአንዴ ነው የበዛባት።"

ወደ አባዬ ዞረች። "ልክ ነዋ። እኛስ ሱባኤ ይዘን፣ ቀን ቆጥረን፣ ቀስ እያልን አይደል የምንጠጣው? ባንዴ ተግተህ ዳን ይባላል እንዴ?" ናሆም ቦሌ ሱቁ ውስጥ ያስተማረኝን እናቴ ከሶፋው ሳትነሳ ደገመችልኝ።

"ማሪኝ እማዬ፤ የሶዳውን" አልኳት።

"ተዪው። ደግሞ በሎሚ መስታወት አይጸዳም፤ ሞክሬዋለሁ።"

ናሆም ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። "ውሃውን ሁሉ እንዳትቀይሪ። ከገንዳው ትንሽ ቅጂ፣ አዲስ ትንሽ ጨምሪ። ከሰዓት ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። እጅሽን ያዥ፤ አትቸኩዪ።" ከዚያ አባዬን ስጪኝ አለኝና ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ናሆም ምን እንዳለው አልነገረኝም፤ አባዬ ግን "እሺ" ብሎ መለሰለት።

ቀጣዮቹን ቀናት ሦስታችንም ገንዳው ዙሪያ ከረምን። ውሃውን የሚያፈሰው አባዬ ነው። እኔ ጨው በጥብጬ አቀርባለሁ፣ እሱ በግራ እጁ በኩባያ፣ እንዳይፈጥን እየተጠነቀቀ፣ በመስታወቱ ጥግ በኩል ጠብ ጠብ ያደርጋል። ለማፍሰስ መቆም አለበት፤ ይቆማል። እማዬ ከኋላው ቀበቶውን ይዛ "ቀስ፣ ቀስ በል አንተ ሰውዬ" ትለዋለች። ኤደን በሁለተኛው ቀን መዘርጋት ጀመረች። ሞምባሳማ ከመጀመሪያውም ግድ ያላት አትመስልም። ቦምቤይ ግን ከጫፏ ወደ ሥሯ ነጭነቱ እየወረደ ሄደ። ሰኞ በአንዴ የወረደባት ከአቅሟ በላይ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ አንድም ሮዝ ነገር አልነበራትም።

አባዬ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እንዳያያት ብዬ ቀስ ብዬ እጄን ገንዳው ውስጥ ከተትኩና አወጣኋት፤ ቀላል ናት፣ ባዶ አጥንት፣ ነጭ። ፎጣ ውስጥ ልጠቀልላት ስል ዊልቸሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ነቅቷል። እጁን ዘርግቷል። ስጪኝ ነው የሚለኝ።

"አባዬ፣ ተዋት..." አልኩ። እጁን አላጠፈም።

መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ያን ጊዜ ነው ወለሉ ላይ ተቀምጬ መነፋረቅ የጀመርኩት። ለኮራሉ አይደለም። አሁን ይህ ቃል ይሄዳል ብዬ ነው። ጅዳ ሄደች፣ ቦምቤይ ትሄዳለች፣ ነገ ኤደን፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ ውሃ፣ እያለ አባቴ ዝም ሊል ነው ብዬ ነው።

አባዬ አጥንቷን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "ቦምቤይ ሄደች" አለ። ቀና ብሎ ወደ ባዶው ጥግ አየና "ጅዳም" አለ።

ማልቀሴን አቋርጬ አየሁት። ቃሉ አልጠፋም ነበር። ለካ ሐዘን ላይ ነበር። ለካ ሰው ከሞተ በኋላ ስሙን መጥራት የሚከብደውን ያህል ከብዶት እንጂ፣ ጅዳ እዚያው ውስጡ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ እርጥብ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና፣ ያ ሁሉ ሰው አልጋው ሥር እየተመላለሰ ሲለው የከረመውን ቃል፣ ለእኔ አለኝ።

"አይዞሽ።"

በቃ። የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሐሳብ ስለሆነ ብትተዉትም አልቀየማችሁም።

እኛ በዚያ ቤት አንድን ሰው በሙሉ ልባችን እናስታምም ነበር። እናበላዋለን፣ እናጥበዋለን፣ ጠበል እናጠጣዋለን፣ ቃል እናስጠናዋለን። "አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ" እንለዋለን፤ ከፍቅር ነው እንግዲህ። ከሁላችንም ተደብቆ በየማለዳው በእግሩ እንዲቆም ያደረገው ግን የእኛ ማስታመም አልነበረም። የሚያስታምመው ነገር ማግኘቱ ነው። ተሳስቷል፣ መድኃኒቱ መርዝ ሆኖበታል፤ ቢሆንም ከዚያ ዊልቸር ያስነሳው "ታማለች" የምትለዋ ነገር ናት። አይዞህ ሲባል መክረም አንድ ነገር ነው፤ በተራ አይዞሽ የሚሉት ሰው ማጣት ግን ሌላ በሽታ ነው። ይህን ኬሚስትሪ አላስተማረኝም።

ስለዚህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ የታመመ አባት ወይም እናት ካላችሁ፣ እባካችሁ ሥራውን ሁሉ አትቀሟቸው። እማዬ አሁን ነጭ ሽንኩርቱን አባዬ ጭን ላይ በሳህን ታስቀምጥለታለች። በአንድ እጁ ነው የሚልጠው፤ አንዷን ፍሬ ይጥላታል፣ ትንከባለላለች፣ ሶፋ ሥር ትገባለች፣ እሱ ይስቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ምሳችን ይዘገያል። ይዘግይ።